ጥያቄውን ማን አወጣው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፣ ከድሬዳዋ

«እትዬ፣ ድሬ ነንና አንቺ ልበልሽ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ ከፊራ በሚባለው ገበያችን አትክልት የሚሸጡ ሴቶች ቴሌብርን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ነው። አክስቴም እዚያው ትሸጣለች። አማካሪዬ ‹አዲስ ነገር አትፍጠሪ። የታወቀውን የቴክኖሎጂ ተቀባይነት መጠይቅ ወስደሽ ተርጉሚና አስሞዪ› አለኝ። ይዤ ሄድኩ። ‹በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ እርግጠኛ አይደለሁም…› እያልኩ ሳነብላቸው ሳቁብኝ። አንዷ ደግሞ ‹ዓምናም መጥተው ጠይቀውን ነበር። መልሳችንን የት አደረሱት?› አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ከቅኝ ግዛት አስተሳሰብ የተላቀቀ ምርምር ስለሚሉት ነገር ማንበብ ጀመርኩ። ለጓደኛዬ ሳወራው ‹አቦ ተዪኝ፣ እኛ መቼ ቅኝ ተገዛን?› አለኝ። እውነት እኛን ይመለከታል? የሚመለከተን ከሆነስ አማካሪዬን ምን ብዬ ላሳምነው?

የከፊራዋ ዘመድ»

አንቺ ማለትሽ ደግ አደረግሽ። እዚህ ከተማ አንቱ የሚባል ሰው ካለ ወይ እንግዳ ነው ወይ ታሟል።

ከሳቁ ልጀምር። ሴቶቹ የሳቁት ስላልገባቸው አይደለም፤ ገብቷቸው ነው። ያ መጠይቅ ከየት እንደመጣ አማካሪሽ ነግሮሻል? ፍሬድ ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ነው። መጀመሪያ የሞከረው ካናዳ፣ ቶሮንቶ በሚገኝ የአይቢኤም ቤተ ሙከራ በሚሠሩ 112 ሰዎች ላይ ነው። የጠየቃቸውም ስለ ኢሜይልና ስለ አንድ የፋይል ማረሚያ ፕሮግራም ነበር። ቀጥሎ ቦስተን ውስጥ ማታ ማታ ኤምቢኤ የሚማሩ 40 ተማሪዎችን ጨመረ። ሁለት ነገር ነው የሚለካው፤ ይጠቅመኛል ብለህ ታስባለህ? ይቀለኛል ብለህ ታስባለህ? ለዚያ ቢሮ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ሰውየውን አልወቅሰውም። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ጠረጴዛ፣ የራሱ ኮምፒውተር፣ የራሱ ደመወዝ አለው። ስለዚህ አንድን ሰው ለብቻው ነጥሎ መጠየቅ ያስኬዳል።

አሁን ወደ ከፊራ እንምጣ። በቀደም ሽንኩርት ልገዛ አንዲት ሻጭ ፊት ቆሜያለሁ። ከእኔ በፊት የነበረችው ገዢ በቴሌብር ከፈለች። ሻጯ ስልክ አላወጣችም። ቀና ብላ «አንተ!» ብላ ተጣራች። ትንሽ ራቅ ብሎ ፌስታል የሚሸጠው ልጇ ኪሱን ዳበሰ፣ ስልኩን አየና «ገብቷል» አላት። ከዚያ በኋላ ነው ሽንኩርቱ የተሰጠው። ጨዋታ ጀመርን። ፒኑን የሚያውቀው ልጁ ነው። የጽሑፍ መልእክቱን የሚያነብላትም እሱ ነው። እሱ ትምህርት ቤት ሲውል ጥሬ ብር ካልሆነ አትሸጥም፤ የውሸት ስክሪንሾት አሳይቶ እብስ የሚል ገዢ አለና። ቲማቲም የሚያወርድላት ገበሬም የሚፈልገው ጥሬ ብር ነው። ስለዚህ ስልኩ ውስጥ የገባው ብር ተመልሶ እስኪወጣ ድረስ ለእሷ ገና ብር አልሆነም።

እንግዲህ «ቴሌብርን መጠቀም ይቀለኛል» የሚለውን ማን ይሙላ? እሷ? ልጁ? በትምህርት ቀን ወይስ በቅዳሜ? አየሽ፣ ቅጹ አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ውሳኔ አለ ብሎ ነው የተነሳው። ከፊራ ላይ ይህ የለም።

ባጃጅ ነጂዎቹን ብትጠይቂ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ ተደርጓል። ያለ ስልክ የማይቀዳለትን ሰው «ቴክኖሎጂውን ተቀብለኸዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል? በእርግጥ ተቀብሎታል። ምን አማራጭ አለው!

እኔ ዕድሜዬን ስታቲስቲክስ ሳስተምር ነው የኖርኩት። ቁጥር አልጠላም። ግን ቁጥር የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ጥያቄውን ማን አወጣው፣ ለማን ብሎ አወጣው፣ መልሱስ ከተሰበሰበ በኋላ በማን እጅ ነው የሚቀረው? አንቺ የምታነቢያቸው ሰዎች በሙሉ፣ ጽሑፋቸው ምንም ቢወሳሰብ፣ የሚያነሱት ይህንኑ ነው።

ወደ ጓደኛሽ ልምጣ። «እኛ መቼ ቅኝ ተገዛን?» የሚለው አባባል ሐረርጌ ላይ ቆሞ ሲባል ትንሽ ያስነጥሳል። የግብፅ ጦር እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 ሐረርን ይዞ ገዝቷል። ከዚያ የጨለንቆ ጦርነት አለ፤ እሱን እዚህ ከከፈትኩት አዘጋጁ ሙሉ መጽሔቱን ሊሰጠኝ ነው። ከዚያ የጣሊያን አምስት ዓመት። ግን ይህን ሁሉ ትተነው፣ ምርምር የሚባለው ነገር ወደዚህ አገር እንዴት እንደገባ እንይ። ሪቻርድ በርተን የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ ሐረር ገባ። መንገዱን የመጣው የዓረብ ነጋዴ መስሎ ነው። በጁገል ግንብ ውስጥ የቆየው አሥር ቀን ያህል ብቻ ነበር። በዓመቱ ለንደን ላይ መጽሐፍ አወጣ። ስለ ሰዉ መልክና ጠባይ ደስ የማይል ነገር ጻፈበት፤ ከመጽሐፉ ኋላ ደግሞ የሐረሪ ቋንቋ ሰዋስውና የቃላት ዝርዝር አስገባ። ያ ዝርዝር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ቃላቱን የነገሩት ሰዎች ግን አይጠቀሱም።

ቅኝ ሳይገዙም መዘረፍ አለ። የጤፍን ነገር አስታውሺ። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር ተስማምቶ ዘር ወሰደ። በ2007 የጤፍ ዱቄትና ከእሱ የሚሠራው ምግብ የእኔ ነው የሚል የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። ኩባንያው ከሰረ፣ ፓተንቱ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆየ። የሄግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድስ ውስጥ ዋጋ የለውም ያለው በ2018 ነው። ኢትዮጵያ በዚያ ሁሉ ዓመት ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኘችም። ልብ በይ፣ ወረቀት ተፈርሞ ነበር። ስምምነት ነበረ።

ደግሞ ጣት ወደ ውጭ ብቻ መቀሰር አይሆንልኝም። ጠዋት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥቶ፣ ሆቴል ምሳ በልቶ፣ በአማርኛ የተጻፈ ቅጽ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ለሚናገሩ ሴቶች አስሞልቶ የሚመለሰውን ባለሙያ ስንት ጊዜ አይተነዋል? እኔም ይህን የምጽፈው በአማርኛ ነው፤ አክስትሽ ጎን የምትቀመጠው ሴት አታነበው ይሆናል። ስለዚህ ጓደኛሽ ቅኝ መገዛትን ባንዲራ ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ቅጹን ማን እንደያዘው ነው የማየው።

አሁን «መልሳችንን የት አደረሱት?» ወዳለችው ሴት። እሷን ፈልገሽ አመስግኛት፤ ዋናውን ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ናት። አሜሪካ ውስጥ፣ ግራንድ ካንየን በሚባለው ትልቅ ገደል ሥር፣ ሐቫሱፓይ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደማቸውን ወሰዱ። ሰዎቹ ደማቸውን የሰጡት ስኳር በሽታ ስለጨረሳቸው፣ ለእሱ መፍትሔ ይገኛል ብለው ነው። በ2003 ከእነሱ አንዷ እዚያው ዩኒቨርሲቲ የአንድ ተማሪ የዶክትሬት ጥናት ሲቀርብ ሄዳ ተቀመጠች። ስትሰማ፣ በደማቸው ሌላ ነገር እየተጠና ነው። ተነስታ «ለዚህ ፈቃድ አላችሁ ወይ?» ብላ ጠየቀች። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰና በ2010 በእርቅ አለቀ፤ 700 ሺህ ዶላር ተከፈላቸው፣ የቀረው ደምም ተመለሰላቸው። ይህን ከሰማሁ ወዲህ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብ ባየሁ ቁጥር በሩን አያለሁ።

ለአማካሪሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪው። ይህ የስሜት ጉዳይ አይደለም፤ የምርምር ሥነ ምግባር ነው። የኒው ዚላንድ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከማኦሪዎች የተወለደችው ምሁር ሊንዳ ቱሂዋይ ስሚዝ ነባር ሕዝቦች ምርምር ሲባል ለምን እንደሚያንገሸግሻቸው የጻፈችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሥራዋ ዛሬ በብዙ አገር የማስተማሪያ መጽሐፍ ሆኗል። የደቡብ አፍሪካ ሳን ሕዝቦች ደግሞ በ2017 ለተመራማሪዎች የራሳቸውን ደንብ አወጡ፤ አክብሮት፣ ሐቀኝነት፣ ፍትሕ፣ እንክብካቤ የሚል። እኛ ጋ መምጣት የሚፈልግ በዚህ ይምጣ ነው ነገሩ። የዩኒቨርሲቲሽ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይህን አይቶ «ሳይንስ አይደለም» ሊልሽ አይችልም።

መጠይቁን ግን አትጣይው። ይልቅ አንድ ምዕራፍ አድርጊው። ከፊራ ላይ የትኛው ጥያቄ የት ላይ እንደተሰበረ፣ ማን እንደሳቀ፣ ማን ለማን እንደመለሰ ጻፊ። አማካሪሽም ደስ ይለዋል፣ የታወቀ ስም ገብቶበታልና። ከዚያ ሌላውን ምዕራፍ ከሴቶቹ ጥያቄ አንሺ። ምን ማወቅ እንደሚፈልጉ ጠይቂያቸው። እኔ ብወራረድ፣ «ብሩ በስህተት ወደ ሌላ ቁጥር ሲሄድ ማን ይመልስልናል?» ነው የሚሉሽ። በይ ይህን ቁጠሪ። በአንድ ወር ስንት ክፍያ ተሳሳተ፣ ስንት ተጭበረበረ፣ ኪሳራውን ማን ቻለው? ሻጯ? ልጇ? እቁቡ? ይህ ንጹሕ ቁጥር ነው፤ ፈታኝም አይጥለውም። ቴሌብር አገልግሎት ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ስለ ተጠቃሚ ብዛት ብዙ ሰምተናል፤ ስለ እነዚህ ሴቶች ኪሳራ ግን እኔ የሰማሁት የለም።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። አንቺ ለአክስትሽ ልጅ ነሽ። ለልጅ የሚነገር ነገር አለ፤ ለተመራማሪ የማይነገር። ቡና ላይ የሰማሽውን ደብተርሽ ላይ ከማስፈርሽ በፊት ተመልሰሽ «ይህን ልጻፈው?» በያቸው። ስማቸውንም ዝም ብለሽ አትደብቂ፤ ስሜ ይጻፍልኝ የምትል ሴት ትኖራለች። ውጤቱን ደግሞ ፈታኞችሽ ፊት ከመቅረብሽ በፊት ገበያው ላይ አቅርቢው፤ በኦሮምኛም በሶማሊኛም በድምፅ ተቀድቶ በስልክ ይላክላቸው። ያርሙሽ። የተሳሳተው እዚያ ቢገኝ ይሻላል።

ሀገር በቀል ያሉት ሁሉ ቅዱስ ነው ብለሽ ግን እንዳትጀምሪ። እቁብ ውስጥም ጉልበተኛ አለ። ከፊራ ላይም ስልኩን ነጥቆ የሚይዝ ባል አለ። «የእናቶች ጥበብ» ብለሽ ብታሞጋግሺው ያው ሌላ ዓይነት አለማየት ነው። ይህ የቅኝ ግዛት ትችት ራሱም ቢሆን ብዙው የሚጻፈው በሀብታም አገር ዩኒቨርሲቲ፣ እኔ እንኳ ሦስቴ ካላነበብኩት በማይገባኝ እንግሊዝኛ ነው። እሱም ከውጭ የመጣ ቅጽ እንዳይሆንብሽ።

—

«ጁገል ውስጥ ነው ያደግኩት። ሶፍትዌር እሠራለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ለጌይ ሲናን፣ ለሐረሪ ቋንቋ ማለቴ ነው፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም ጀምረናል። ድምፅ ለመቅዳት የእናቴን አፎቻ (እንደ ዕድር ያለ የሐረሪ መረዳጃ) አባላት አስፈቀድኩ፤ ደስ አላቸው። አንዲት ትልቅ ሴት ግን ‹ድምፄ ከቤት ከወጣ በኋላ ማን ይጠብቀዋል?› አሉ። አንድ የውጭ ድርጅት ደግሞ ‹የተቀዳውን በሙሉ ለዓለም በነፃ ክፈቱት፣ ወጪውን እንሸፍናለን› ይለናል። ምን ይመክሩናል?

ከሐረር»

እኚህን ሴት የፕሮጀክቱ ሊቀ መንበር ብታደርጓቸው አትከስሩም።

ኒው ዚላንድ ሰሜን ጫፍ ላይ ካይታያ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ቴ ሂኩ የሚባል የማኦሪ ሬዲዮ ጣቢያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ለቋንቋቸው እናንተ የምትሠሩትን ዓይነት ፕሮግራም ሊሠሩ ተነሱ። ሕዝቡን በቡድን በቡድን አወዳድረው በአሥር ቀን ከ300 ሰዓት በላይ ንባብ ሰበሰቡ። ይህን ያህል ሰው ድምፁን የሰጠው ሬዲዮውን ስለሚያምነው ነው። ከዚያ የውጭ ኩባንያዎች መረጃውን ፈልገው መጡ። እንቢ አሉ። የራሳቸውን ፈቃድ አወጡ፤ ፈቃዱ በአደራ ጠባቂነት ላይ የቆመ ነው። ድምፁ የጣቢያው ንብረት አይደለም፣ የኩባንያም አይደለም፤ ጣቢያው ለሕዝቡ በአደራ ይዞታል። ሊጠቀምበት የሚፈልግ ለሕዝቡ የሚጠቅም መሆኑን ማሳየት አለበት።

እና የእኔ ምክር፣ «በሙሉ ክፈቱት» የሚለውን ወረቀት አትፈርሙ። ክፍት መረጃ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን በር ሲከፈት ቶሎ የሚገባው ትልቅ ኮምፒውተር ያለው ነው እንጂ የጁገል ልጅ አይደለም። ሁሉን ቆልፎ መቀመጥም አያዋጣም። ያኔ ልጆቻችሁ ስልካቸውን የሚያናግሩት በሌላ ቋንቋ ይሆናል። ስለዚህ ለዩት። የቃላት ዝርዝሩንና ለዚሁ ብላችሁ ያዘጋጃችሁትን ዓረፍተ ነገር ክፈቱት። የሰው ድምፅ በአደራ ይቀመጥ። ዚክሪውን፣ ማለትም ሃይማኖታዊ ዜማውን፣ እና የሠርጉን ዘፈን ጨርሶ መቅዳት ይገባ እንደሆነ አፎቻው ይወስን፤ አንተ አትወስን።

የአፎቻ ፈቃድ አለን ብላችሁ የእያንዳንዷን ሴት ፈቃድ ግን አትዝለሉ። ተቃራኒውም ልክ አይደለም። ሳኖቹ የተቆጡት እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የዘረመል ጥናት ጥቂት ሰዎችን ለየብቻ አስፈቅዶ ማኅበረሰቡን ስለዘለለ ነበር። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 1321/2016፣ ለግለሰቧ ጋሻ ይሆናታል። የአፎቻ የጋራ ዜማ ግን የአንድ ሰው የግል መረጃ ስላልሆነ እሱን የሚጠብቅላችሁ በመካከላችሁ የምትጽፉት ስምምነት ነው።

አንድ የሙያ ነገር ልጨምር፤ ይህን ከመቅዳታችሁ በፊት ንገሯቸው። «ድምፄን አጥፉልኝ» ያለች ሴት ፋይሏን ማጥፋት ትችላላችሁ፤ ለእያንዳንዱ ቅጂ መለያ ቁጥር ስጡት። ፕሮግራሙ በድምፅዋ ከሠለጠነ በኋላ ግን ከውስጡ የእሷን ለይቶ ማውጣት እጅግ ከባድ ነው። ብዙ ፕሮጀክት ይህን በትንንሽ ፊደል ጽፎ ያልፋል። እናንተ ሆጃ እየጠጣችሁ፣ በጌይ ሲናን፣ ጮክ ብላችሁ ንገሯቸው። ያን ሰምተው እሺ ካሉ፣ እሺ ነው።

—

«የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ። ሎኮሞቲቭ ስንጠግን የያዝኩት ደብተር አለ። መለዋወጫ ሲጠፋ እዚሁ ወርክሾፕ ቀርጸን የሠራነው ሁሉ ልኩ ከነሥዕሉ ተጽፎበታል። አንድ ተመራማሪ ልውሰደውና ላንብበው ይለኛል። ልስጠው?

ከገንደ ቆሬ»

ጋሼ፣ አይስጡት።

ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተወለደች ናት። ስለ ባቡሩ የተጻፈው ግን አብዛኛው ስለ ኩባንያው፣ ስለ መሐንዲሱና ስለ ባለ አክሲዮኑ ነው። ያን ሁሉ ብረት ሲያስኬድ የኖረው ሰው እጅ እርስዎ ደብተር ውስጥ ነው ያለው። ልጁ ይምጣና ቤትዎ ቁጭ ብሎ ያንብብ። አንድ ወጣት የቶርኖ ባለሙያ አብሮት ይምጣ፤ ሥዕሉን ያለ እርስዎ ማብራሪያ ማንም አይረዳውም፤ እሱም ይማርበታል። ፎቶ ሲነሳ ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ በፍላሽ ለእርስዎ። ምን እንደሚያደርግበት በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ቀን አስገብቶ ይፈርምልዎት። ጽሑፉ ሲወጣ ስምዎ «መረጃ ሰጪ» ተብሎ ግርጌ ላይ ሳይሆን ከእሱ ስም ጎን ይግባ። የፎቶና የፍላሹን ሂሳብ እሱ ይክፈል።